አበባው ሲያልቅ ወደ ጭቃው፦ የህዳር ቢራቢሮዎችን ጎርጎራ ላይ መፈለግ

(ጎንደር ውስጥ ለተፈጥሮ ወዳጆች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። መግቢያ አላበዛም፤ ወደ ነገሬ ልግባ።

ጎንደር ውስጥ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው «ቢራቢሮ መቼ ነው የሚታየው?» ብላችሁ ጠይቁት። «በመስከረም ነዋ!» ይላችኋል። እውነቱን ነው። አደይ አበባው ይፈነዳል፣ መስኩ ቢጫ ይሆናል፣ ልጁም አዋቂውም ፎቶ ሊነሳ ይወጣል። ከዚያ ጽጌ ይገባል። ከመስከረም 26 እስከ ህዳር 5 ድረስ ሊቃውንቱ ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊቱን በማኅሌት ያነጋሉ። ህዳር 6 ቁስቋም ይነግሣል፤ ከተማው ወደ ደብረ ፀሐይ ይወጣል። ከማግስቱ ጀምሮ ግን አበባም አለቀ፣ ቢራቢሮም አለቀ ይባላል። ሰዉ ፊቱን ወደ አጨዳውና ወደ ብርዱ ያዞራል።

እኔ ከቁስቋም በኋላ ላለው ጊዜ ጠበቃ ሆኜ ነው የመጣሁት። እንደኔ ከሆነ ቢራቢሮ ለማየት ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጠው ወር ህዳር ነው። በመስከረም አበባው በየቦታው ስለሆነ ቢራቢሮውም በየቦታው ይበተናል። አንዷን ስትከተሉ ሌላዋ ታመልጣችኋለች። በህዳር መስኩ ይደርቃል። እርጥበት የሚቀረው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ቢራቢሮዎቹም ወደዚያው ይሰበሰባሉ። ለእኛ ደግሞ ያ ቦታ ቅርብ ነው። ጣና ነው።

ሁለት ነገር ብቻ መቀየር አለብን። አንደኛ፣ ከከተማ ወርደን ጎርጎራ እንሂድ። ሁለተኛ፣ አበባ አበባ ማየቱን ትተን መሬት መሬት እንይ። ጭቃውን፣ እበቱን፣ የወደቀውን ሾላ፣ የደረቀውን ቅጠል። በህዳር ቢራቢሮው ያለው እዚያ ነው።

ጎርጎራ ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዘዞ ላይ ትገነጠላላችሁ፣ በቆላ ድባ በኩል ደምቢያን ታቋርጣላችሁ፣ ባህሩ ዳር ትደርሳላችሁ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ታች ስትደርሱ አየሩ በሁለት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ለእኛ ሹራብ አውልቆ ወገብ ላይ የማሰር ጉዳይ ነው። ለቢራቢሮ ግን የመብረርና ያለመብረር ጉዳይ ነው። የክንፎቿ ጡንቻዎች በደንብ የሚሠሩት ደረቷ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ነው። ያንን ሙቀት የምታገኘው ደግሞ በአብዛኛው ከፀሐይ ነው። ስለዚህ በህዳር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢራቢሮ ፍለጋ መውጣት ትርፉ ድካም ነው። ከ3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል። ጠዋት መጀመሪያ የምታገኟት ድንጋይ ላይ ክንፏን ዘርግታ ስትሞቅ ነው። ፎቶ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም፤ ለመሸሽ ገና አቅም የላትም።

መንገድ ላይ እያላችሁ አንድ ቦታ መቆም አለባችሁ። ደምቢያ ላይ ዘግይቶ የተዘራ ኑግ ካያችሁ መኪናውን አስቁሙ። አደዩ ከረገፈ በኋላም ኑጉ በአበባ ላይ ሊቆይ ይችላል። ንቡ ይተምበታል፣ ቢራቢሮውም አብሮ አለ። ዝቅ ብሎ፣ ሳይቆም፣ ጥድፍ ጥድፍ እያለ የሚበር ብርቱካን የቀላቀለ ቢጫ ቢራቢሮ ካያችሁ፣ አባጨጓሬ ሳለ ማገጥ በልቶ ያደገ ሊሆን ይችላል። ማገጡን በክረምት ከብቱ ሲግጠው ታውቁታላችሁ። ይህ ቢራቢሮ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ አለ። የእኛ አገሩ ዓይነት ግን ሳይንሳዊ ስሙ ላይ «ሜኔሊኪ» የሚል ተጨምሮበታል። አጼ ምኒልክ ቢራቢሮም አላቸው ማለት ነው!

አሁን ባህሩ ዳር ደርሰናል እንበል።

ጣና የሚሞላው በክረምቱ ዝናብ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፉ ይደርስና ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚቀንሰው ብዙ አይደለም፤ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ነገር ግን የደምቢያ ዳርቻ ሜዳ ነው። ውሃው በቁመት ስንዝር ሲወርድ በአግድም ብዙ እርምጃ ይሸሻል። ገበሬው ይህን መሬት ባህር ሸሽ ይለዋል። ውሃው ጥሎት በሄደው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራውንና ጓያውን ይዘራል። ቢራቢሮውም እንደ ገበሬው ውሃውን እግር በእግር ይከተላል። አንዷ እንዲያውም ከገበሬው ጋር ጠበኛ ናት። ትንሿ ሰማያዊ፣ ከኋላ ክንፏ ጫፍ ላይ ክር የመሰለች ጭራ ያላት፣ የአተርና የባቄላ ዘመድ በሆነ ሰብል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ልጇ፣ ማለትም አባጨጓሬዋ፣ ቆባውን በስቶ ይገባና ፍሬውን ከውስጥ ይበላል። በአፍሪካም በአውሮፓም በእስያም የታወቀች ናት። ለገበሬ ተባይ ናት፣ ለእኔ ውብ ናት። ሁለቱም እውነት ነው።

ከብት ውሃ የሚጠጣበትን ቦታ ፈልጉ። እረኞችን ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል፤ መጠየቅ ደግሞ ጥሩ ነው፣ አለበለዚያ ይጨነቁላችኋል። አንድ ሽማግሌ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ መሬት ሲያይ ያየ ልጅ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። «ቢራቢሮ» ስትሉት መጀመሪያ ይስቃል። ትንሽ ቆይቶ ከእናንተ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው።

ከብቱ በረገጠው፣ ሽንቱን በሸናበት ጭቃ ላይ ቢራቢሮዎች በቡድን ያርፋሉ። ከሩቅ ስታዩዋቸው ተቀዶ የተበተነ የደብተር ወረቀት ይመስላሉ። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። ብዙዎቹ ነጮች ናቸው። ክንፋቸው ላይ ቡናማ ሥር ሥር አለበት። እነዚህ በአፍሪካ ውስጥ በብዛት ሆነው ከቦታ ቦታ በመሰደድ የታወቁ ናቸው፤ ልጆቻቸው የገመሮና የዘመዶቹን ቅጠል ይበላሉ። ከነጮቹ መካከል ቢጫዎችና ትናንሽ ሰማያዊዎች ጣልቃ ይገባሉ። ሁሉም ክንፋቸውን አጥፈው፣ ምላሳቸውን ዘርግተው ጭቃውን ይመጥጣሉ። ያቺን ምላስ በደንብ እዩዋት። በበረራ ጊዜ ተጠቅልላ አገጯ ሥር ትቀመጣለች። አሁን ተዘርግታ ጭቃው ውስጥ ጫፏን ነክራለች። አንዳንዱ ከፊቱ እየመጠጠ ከኋላው ጠብ ጠብ እያደረገ ውሃውን ያስወጣዋል። ለምን? የፈለገው ውሃውን ሳይሆን ውሃው ውስጥ ያለውን ጨው ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠልም የአበባ ማርም ሶዲየም የላቸውም ቢባል ይቀላል፤ በጣም ትንሽ ነው። ጡንቻና ነርቭ ደግሞ ያለ ሶዲየም አይሠራም። ስለዚህ ቢራቢሮው የከብት ሽንት ካለበት፣ ላብ ካለበት፣ ውሃ ተንኖ ጨው ከቀረበት ቦታ ይለቅማል። የሚገርመው ደግሞ ጭቃ ላይ የምታገኟቸው በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው ነው። ወንዱ የሰበሰበውን ጨው በግንኙነት ጊዜ ከዘሩ ጋር ለሴቷ ይሰጣታል። እሷም ለእንቁላሎቿ ታውለዋለች። ጥሎሽ ነው በሉት። ሴቷ ያን ሰዓት ጭቃ ላይ የለችም፤ እንቁላል የምትጥልበት ቅጠል ፍለጋ ላይ ናት።

ስለዚህ ጭቃ ዳር ስትቀመጡ ያላችሁበትን ቦታ አትናቁት። ቆሻሻ ይመስላል፣ ይሸታል፣ ዝንብም አለ። የህዳር ቢራቢሮ ገበያ ግን እሱ ነው።

አሁን ከጭቃው ትንሽ እንራቅ። ዳርቻው ላይ ቁጥቋጦ ባለበት አንዲት ብርቱካንማ ቢራቢሮ ታገኛላችሁ። የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ነው፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ስትበር አትቸኩልም። ወፍ እያየቻት እንኳ ትንሳፈፋለች። እኔ «መራሯ» ነው የምላት። ልጅ ሆና ስትቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ቅጠል ትበላለች፤ የቅጠሉ መርዝ ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። አንዴ የቀመሳት ወፍ ምላሱን ያቃጥለዋል፣ ሁለተኛ አይደግማትም። ቀለሟም ማስጠንቀቂያ ነው።

እዚህ ላይ አስመሳይ ትመጣለች። ዘመዷ ያልሆነች፣ መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ፣ ሴቷ ብቻ፣ መራሯን መስላ ትለብሳለች። ባሏን ብታዩት አንድ ዝርያ ናቸው ብላችሁ አታምኑም። እሱ ጥቁር ነው፣ ክንፎቹ ላይ ትላልቅ ነጭ ክቦች አሉት፣ የክቦቹ ዙሪያ በፀሐይ ወይን ጠጅ ሰማያዊ ያበራል። ሚስቱ ብርቱካንማ ናት። ወፎቹ ይታለላሉ። ሰውም ይታለላል።

እንዴት ትለዩአቸዋላችሁ? የኋላ ክንፏን እዩ። መራሯ የኋላ ክንፏ መሐል አካባቢ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጠብጣብ አላት። አስመሳይዋ አንድ ብቻ አላት፣ እሱም ወደ ላይኛው ጠርዝ ነው። ሌላው ደረቷ ነው። መራሯ ጥቁር ደረት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አላት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አጉሉት፤ ክርክር የለም፣ መልሱ እዚያው ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው ምሳ የመጋበዝ ግዴታ አለበት። ይህ የኔ ሕግ ነው።

ማስመሰል ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። ጥቁርና ክሬም ቢጫ የሆነ፣ ጭራ ያለው ትልቅ የጫካ ቢራቢሮ አለ። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ ይባላል። በአፍሪካ አብዛኛው ክፍል ሴቷ ጭራዋን ጥላ መራር ቢራቢሮዎችን መስላ ትኖራለች። ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩባት ዝርያ ናት። በኢትዮጵያ ደጋ ግን አብዛኞቹ ሴቶች ልክ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጭራ ናቸው። የእኛዎቹ ማስመሰሉን ብዙም አልፈለጉትም። እሷን የምትፈልጉት ጭቃ ላይ አይደለም፤ ጥቅጥቅ ባለ የደብር ዛፍ ውስጥ ነው።

ጎርጎራ ላይ ደብር አለ። ደብረ ሲና ማርያም ባህሩ ዳር ናት፤ ጥንታዊ ናት፣ ሥዕሎቿም ስማቸው የወጣ ነው። ቅጥሩ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አባን ወይም ጥበቃውን አስፈቅዱ። ለምን እንደመጣችሁ ስትነግሯቸው ፈገግ ይላሉ፣ ግን ያስገቧችኋል። የደብር ዛፍ ለቢራቢሮ ያለው ጥቅም ለሁላችሁም ግልጽ ይመስለኛል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ኮረብታ ባህር ዛፍ ነው፤ የባህር ዛፍን ቅጠል የሚበላ የእኛ አባጨጓሬ ጥቂት ነው። ወይራው፣ ዋንዛው፣ ሾላው፣ ብሳናው ያሉት ቅጥሩ ውስጥ ነው።

ደብሩ ውስጥ የወደቀ ሾላ ወይም የዋርካ ፍሬ ካያችሁ አካባቢውን እዩ። አበባ ጨርሶ የማይጎበኙ ቢራቢሮዎች አሉ። ትልልቅ ናቸው፣ ደረታቸው ወፍራም ነው፣ ሲበሩ ድምፃቸው ይሰማል። የሚመገቡት የበሰበሰና የፈላ ፍሬ፣ ከዛፍ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ እበትም ጭምር ነው። ሳይንሱ ካራክሰስ ይላቸዋል። እነሱን መጥራት ለሚፈልግ ዘዴ አለ። ሙዝ ይፈጭና አልኮል ካለበት ነገር ጋር ተቀላቅሎ እንዲፈላ ይደረጋል። ውጭ አገር ቢራ ይጨምሩበታል። እኛ ቤት አተላ ሞልቷል! ሙዙን በአተላ አሽቶ፣ አንድ ቀን አፍልቶ፣ ዛፍ ግንድ ላይ መቀባት ነው። እርግጥ ነው ደብር ውስጥ አይደለም፤ ውጭ ባለው ዛፍ ላይ።

አሁን የምወደውን ክፍል ልንገራችሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ ጥላ ሥር ባለው ደረቅ ቅጠል ላይ ስትራመዱ አንድ ቅጠል ተነስቶ ይበርና ሁለት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። የወደቀበትን ታያላችሁ። ቅጠል ብቻ ነው። ታተኩራላችሁ። አሁንም ቅጠል ብቻ ነው። እግራችሁን ስታነሱ ይበራል። ይህ ሜላኒቲስ ሌዳ የሚባለው ነው። ልጁ የሚያድገው ሳር ላይ ነው፤ የሩዝ ቅጠልም ይበላል። አዋቂው ምሽት ላይ ይበራል፣ ቀን ይደበቃል።

የዚህ ቢራቢሮ ጉድ ልብሱ ነው። በክረምት የሚፈለፈለው በክንፉ ታችኛው ገጽ ላይ ክብ ክብ ዓይን የመሰሉ ምልክቶች አሉት። በበጋ የሚፈለፈለው ዓይኖቹ ጠፍተው ወይም ነጥብ ብቻ ሆነው ቀርተው የደረቀ ቅጠል ሆኖ ይወጣል። የቅጠሉ ሥር፣ የሻጋታው ነጠብጣብ፣ ሁሉም አለ። አንዱ ከሌላው በጣም ስለሚለያይ የማያውቅ ሰው ሁለት ዝርያ ነው ብሎ ይምላል። ህዳር ላይ ሁለቱም ሊታዩ ይችላሉ። ያረጀ፣ ክንፉ የተቀዳደደ፣ ዓይን ያለው የክረምት ቢራቢሮ አለ። አጠገቡ አዲስ፣ ያልተነካ፣ ቅጠል የመሰለ የበጋ ቢራቢሮ አለ። ወቅት ሲቀየር ዓይናችሁ እያየ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በደንብ የተጠናው በዘመዱ ላይ ነው። ቢሳይክለስ አኒናና የተባለ ትንሽ ቡናማ ቢራቢሮ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ከማላዊ ወደ ሆላንድ ተወስዶ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ተራባ። ፖል ብሬክፊልድና ባልደረቦቻቸው ደጋግመው ያሳዩት ነገር ቀላል ነው። አባጨጓሬው ማደጉን ሊጨርስ ሲል አየሩ ሞቃት ከሆነ ባለ ዓይን ቢራቢሮ ይወጣል። ቀዝቃዛ ከሆነ ዓይን የሌለው ይወጣል። ማላዊ ውስጥ ሙቀት ማለት ዝናብ፣ ቅዝቃዜ ማለት ደግሞ በጋ ነው፤ ስለዚህ አባጨጓሬው ሙቀቱን ለክቶ ወደፊት የሚመጣውን ወቅት ይገምታል። መልእክቱን የሚያስተላልፈው በሰውነቱ ውስጥ ያለ ሆርሞን ነው።

ለምን ሁለት ልብስ አስፈለገው? በክረምት ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። ቡናማ ቢራቢሮ የትም ቢሆን ያስታውቃል። ስለዚህ አጥቂው ዓይን የመሰለውን ነገር እንዲነክስ ያደርገዋል፤ ዓይኑ ያለው የክንፉ ዳር ላይ ስለሆነ ክንፉ ቢቀደድ ሕይወቱ አይሄድም። በበጋ መሬቱ ራሱ ቡናማ ነው። ያኔ ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል፤ ዓይን ቢኖረው እሱ ራሱ ያጋልጠዋል። የበጋው ቢራቢሮ ደግሞ ለእንቁላል አይቸኩልም። ቅጠል በሌለበት ልጅ ወልዶ ምን ሊያበላው? ጉልበቱን ቆጥቦ ሳርና ዝናብ ይጠብቃል። የክረምቱ ግን ባለችው አጭር ጊዜ ይራባል።

ቢራቢሮ አለቀ ስንል የነበረው ይህንን ነው። አላለቀም፤ ቅጠል መስሎ ተቀምጦ ነው።

እስካሁን ስለ አገሬዎቹ ነው ያወራሁት። እንግዶችም አሉ።

ብርቱካንማ ሮዝ የሆነች፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ የታችኛው ገጽ ግን በቡናማና በግራጫ የተጠላለፈ ቢራቢሮ አለች። እንግሊዞች ፔይንትድ ሌዲ ይሏታል፣ ሳይንሱ ቫኔሳ ካርዱይ። ኮሸሽላና ልት ላይ እንቁላል ትጥላለች። በጣም ተራ ናት፤ ከአንታርክቲካ፣ እንዲሁም ከአውስትራሊያና ከደቡብ አሜሪካ አብዛኛው ክፍል በስተቀር በዓለም ሁሉ አለች ማለት ይቻላል። ነገር ግን ህዳር ላይ ስታዩዋት ከየት መጣሽ ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ ግራ ገብቷቸው ነበር። በፀደይ በብዛት ትመጣለች፣ በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ ትራባለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ብርዱ ይገድላታል ይሉ ነበር። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቁጥሯ እጅግ በዛ። የእንግሊዝ አገር ራዳሮች ያን ዓመት ያሳዩት በመጸው ወራት ወደ ደቡብ እንደምትመለስ ነበር፤ ግን ከመሬት በብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትበር ማንም አላያትም ነበር። ታዲያ የት ትሄዳለች? ጀራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ የተባሉ የስፔን ተመራማሪዎች ከሰሃራ በታች ወርደው ፈለጓት። ቤኒን፣ ቻድ፣ ሴኔጋል፣ ኢትዮጵያም። በመጸው ወራት ዝናብ በጠገበው ሳቫና ውስጥ ስትራባ አገኟት። ሌሎች ደግሞ የክንፏን ሃይድሮጅን መርምረው አፍሪካ የደረሱት አውሮፓ ያደጉ መሆናቸውን አሳዩ። ክንፉ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን አባጨጓሬው ካደገበት አገር የዝናብ ውሃ የመጣ ስለሆነ፣ የትውልድ ቦታን ይናገራል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ልክ በእኛ ጥቅምትና ህዳር ነው።

ስለዚህ ጎርጎራ ላይ ክንፏ የነጣ፣ ጠርዟ የተበጫጨቀ ፔይንትድ ሌዲ ካገኛችሁ፣ ሜዲትራኒያንንና ሰሃራን ተሻግራ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ወይ ደግሞ እዚሁ ደምቢያ ልት ላይ ያደገች ናት፤ በዓይን መለየት አይቻልም። ያም ሆኖ ክብደቷ ከአንድ ግራም በታች ነው። በዓመቱ የሚደረገውን ደርሶ መልስ የሚጨርሱት ብዙ ትውልዶች እየተቀባበሉ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ፈረንሳይ ጉያና ዳርቻ ላይ የተገኙት ከምዕራብ አፍሪካ በነፋስ እየታገዙ 4,200 ኪሎ ሜትር ያህል ውቅያኖስ እንዳቋረጡ በ2024 ታትሟል። እኛ ለ60 ኪሎ ሜትር መኪና ላይ ስንደራደር!

ስለ ጥንቃቄ በአጭሩ። ውሃው ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፤ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። ቦት ጫማ ይዛችሁ ኑ። ህዳር ደምቢያ ላይ የወባ ወቅት ነው፤ ከመምሸቱ በፊት እንመለሳለን፣ እጅጌያችሁ ረጅም ይሁን። ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። መረብ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። ስትቀርቡ ጥላችሁ እንዳያርፍባት ፀሐይን ከፊታችሁ ወይም ከጎናችሁ አድርጉ። ቢራቢሮ ሰውን ከሚያስፈራት በላይ ድንገት የመጣ ጥላ ያስፈራታል። ፎቶውን አይናቹራሊስት በሚባለው የተፈጥሮ ወዳጆች ድረ ገጽ ላይ ብትለጥፉት በስሟ የሚያውቃት ሰው ይነግራችኋል፣ ለጥናትም ይጠቅማል። ከጎንደር አካባቢ የሚገባው መረጃ ስስ ስለሆነ አንድ ፎቶ ቁም ነገር ነው።

መሄድ ለማይችል ሰው ጓሮው አለለት። ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ሁሉ ጥቁርና ቢጫ የሆነውን ትልቅ ቢራቢሮ ያውቀዋል። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካያችሁ በደንብ እዩት። የወፍ ኩስ ከሆነ ይቀራል። ቢራመድ አባጨጓሬው ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በጣታችሁ ነካ አድርጉት፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ሹካ የመሰለ ቀይ ብርቱካንማ ቀንድ ያወጣና ሽታ ይለቃል። ልጆች ይህን አንዴ ካዩ ቀኑን ሙሉ ከሎሚው ሥር አይነሱም። አንድ ሁለት አባጨጓሬ ትልቅ ሎሚ አይገድልም፤ መርዙን አስቀምጡት።

ከዚሁ ጋር አንድ ቅሬታ አለኝ። ህዳር 12 ይመጣል። ህዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የገባው የህዳር በሽታ ትዝታ ነው፤ ቤትና ደጁ ይጠረጋል፣ ይቃጠላል። ቆሻሻ ማጽዳቱ ጥሩ ነው። ፌስታልና ጎማ ማቃጠሉ ግን ሳንባችንን ያጥነዋል እንጂ በሽታ አያባርርም። ለእኔ የሚያሳዝነኝ ደግሞ አጥር ሥር ያለው ደረቅ ቅጠል ነው። የበጋው ቢራቢሮ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሙሽሬውም፣ አባጨጓሬው ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ተሸፍኖ የሚቆየው፣ ግንድና አጥር ላይ ተጣብቆ ዝናብ ይጠብቃል። ፕላስቲኩን ለይታችሁ ጣሉ። ቅጠሉን አጥሩ ሥር ተዉት ወይም ለመሬቱ ማዳበሪያ አድርጉት። ወግ አጥፉ አላልኩም፤ እሳቱ ትንሽ ይነስ ነው ያልኩት።

ከጥያቄዎቹ

አንድ ወጣት ስለ እምቦጭ ጠየቀ። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ያምራል፣ ለቢራቢሮ አይጠቅምም ወይ አለ። ንብ ሲያርፍበት አይቻለሁ። ጉዳቱ ግን ያመዝናል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጣና ላይ መግባቱ ከታወቀ ወዲህ በብዛት የያዘው ይህንኑ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ያለውን ዳርቻ ነው፤ ማለትም ደምቢያንና አካባቢውን። እምቦጭ የከብቱን ውሃ መጠጫ ሲሸፍን ጭቃውንም ይሸፍነዋል። ገበሬው ባህር ሸሹን ያጣል፣ ቢራቢሮውም ጨው የሚለቅምበትን። ነቅለው ዳር ላይ የከመሩት ቦታ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ምንም አይታይበትም።

አንዲት እናት ልጃቸው አባጨጓሬ ማሳደግ እንደሚፈልግ ነገሩኝ፤ ይሞትበታል ብለው ፈሩ። እትዬ፣ አይፍሩ። አፉ በሻሽ የታሰረ ማሰሮ ወይም ሰፊ ብርጭቆ ይበቃል። ካገኘበት ዛፍ ላይ የተቀነጠሰ ትኩስ የሎሚ ቅጠል በየቀኑ ይስጠው፣ ፍጉን ይጥረግ። ሊሞሸር ሲል የሚወጣበት ቀጭን እንጨት ያስገባለት። ውሃ በሳህን አያስቀምጥ፤ ይሰምጣል። ቢራቢሮዋ የምትወጣበት ቀን እንደ ብርዱ ስለሚለያይ መቁጠሩን ይተወው። ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ ነው፤ እንዳይነካት፣ እስኪደርቅ ሰዓታት ይወስዳል።

የመጨረሻው ጥያቄ መቼ እንሄዳለን የሚል ነበር። ከቁስቋም በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ አዘዞ መገንጠያው ላይ። ውሃና ስንቅ ያዙ፣ ኮፍያ አትርሱ። ሙዝ የሚያመጣ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። አተላውን እኔ እይዛለሁ።